ሁለት ከተማ የሚቀንሰው ቢሮ

የጅማ–አዲስ አበባን መንገድ የማያውቅ የጅማው መጽሔታችን አንባቢ ጥቂት ነው። ፒያሳ በሚገኝ የጭነት መኪና ስምሪት ቢሮ ቁጭ ብሎ ያንኑ መንገድ በኮምፒውተር የተከታተለ ግን ብዙ አይመስለኝም። እኔ ባለፈው ወር ሁለቱንም አድርጌ ተመልሻለሁ። የተላክሁት ለአንድ ጥያቄ መልስ ይዤ እንድመጣ ነው፤ ኢንተርኔት ያስገቡ የጭነት ማመላለሻ ድርጅቶች ሥራቸው ተሻሻለ ወይስ አልተሻሻለም? አዘጋጃችን መልሱን በአንድ ገጽ ጠብቆ ነበር። ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ረቡዕ

የተሳፈርኩት ቡና በጫነ መኪና ላይ ነው። ሹፌሩ ነጂብ የጅማው ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ልጅ ነው፤ አባቱም ሹፌር ነበሩ። መኪናው የወይዘሮ ስንዱ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ፒያሳ ቢሮ ያላቸው፣ ጥቂት መኪኖች የሚያሠሩ ሴት ናቸው፤ ዋና ሥራቸው የእኛን ቡና ከጅማ ዓለም ገና ወዳለ የቡና ማዘጋጃ ማድረስ ነው። መኪናው ያለበትን ቦታ በኢንተርኔት ለቢሮው የሚናገር የክብሪት ሣጥን የምታህል ዕቃ ከመሪው ሥር ተገጥማለች። ነጂብ "ሰላይዋ" ይላታል። ባርኔጣውን የሚሰቅለው እሷ ላይ ነው።

ጎህ ሲቀድ ወጥተን ሰኮሩ ላይ ቁርስ ተቀመጥን። ረቡዕ ስለሆነ እኔ ሽሮ፣ እሱ ጥብስ። ጥብሱ ገና ሳህኑ ላይ እየተንጫጫ ስልኩ ጮኸ። ከፒያሳ ነው።

"አቤት ጋሽ ሸምሱ። ወልቂጤ ልገባ ነው" አለ ነጂብ፣ እንጀራ እየቆረሰ።

ከሰኮሩ ቀጥሎ አበልቲ አለ፤ ከአበልቲ በኋላ የግቤ ቁልቁለት፣ ድልድዩና ዳገቱ አለ፤ ወልቂጤ ከዚያ ሁሉ ወዲያ ናት። ሥራዬ ሆኖ ይህን ነገርኩት። ነጂብ አልተቆጣም፤ "ጋሼ፣ ይህ የስልክ ወልቂጤ ነው" አለኝና ጥብሱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ጾም እንደሆነ አስታወሰና መልሶ ሳበው።

መንገዱ ሰላም ነበር። ግቤ ሙቀቱ፣ ወሊሶ ነፋሱ፣ ቱሉ ቦሎ ላይ ደግሞ ከፊታችን የተደረደሩ አህዮች፤ ሌላ የማነሣው የለም። ዓለም ገና የደረስነው ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ነው። ደስ አለን። የማዘጋጃው ዘበኛ ግን በሩን ከፈት አድርጎ ታርጋችንን አየና ራሱን ነቀነቀ። የወይዘሮ ስንዱ መኪና ነገ ጠዋት ነው የተባለው፤ ጫኝና አውራጆቹም ሌላ መጋዘን ሄደዋል። ነጂብ ፒያሳ ደወለ። ድምፁን ከፍ ስላደረገው ሁለታችንም ሰማን።

"ጋሽ ሸምሱ፣ ዓለም ገና በር ላይ ቆሜያለሁ።"

"ጎበዝ። ቱሉ ቦሎ ስትደርስ ደውልልኝ" አሉና ዘጉት።

ነጂብ ስልኩን ትንሽ ተመለከተው። "አላመኑኝም" አለ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። የጅማ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ጠረኑን ይልካል፤ የዓለም ገናው ሳያንኳኳ ነው የገባው። የሸራው አንድ ጥግ ቀዳዳ ነበረው፤ ነጂብ የራሱን ብርድ ልብስ ደረበበት፣ እኔ የዝናብ ልብሴን ሰጠሁት። ጭነቱን ትቶ መሄድ ስለማይችል እዚያው ሊያድር ቀረ። እኔ በታክሲ ሜክሲኮ፣ ከሜክሲኮ ደግሞ ፒያሳ ገባሁ። ስደርስ ሸሚዜ የቡና ጆንያ ይሸት ነበር።

ያረፍኩበት ፔንሲዮን ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ነው። ባለቤቷ እትዬ አስካለ ውኃ እንደሌለ ከሰላምታ በፊት ነገሩኝ፤ ይህን ግልጽነት ወደድኩት። ቆይተው ትልቅ ፔርሙዝ ሙቅ ውኃና ጎድጓዳ ሳህን ይዘው መጡ። "ጅማ ውኃ አይጠፋም አይደል?" ሲሉ ጠየቁኝ። ከሰማይ እንደማይጠፋ፣ ከቧንቧ ግን እንደ አዲስ አበባ መሆኑን መለስኩላቸው። "እንግዲያው አገርህ ነህ" ብለው በሩን ዘጉልኝ።

ሐሙስ

ፒያሳን በቀን ብርሃን ሳየው መጀመሪያ የገረመኝ የእግረኛ መንገዱ ስፋት ነው። የእኛን ዋና ጎዳና ሁለት ጊዜ ያስተኛል። ቸርችልን ቁልቁል ስታዩት መኪኖቹ የሚንከባለሉ ነው የሚመስለው፤ ሽቅብ ሲሄዱ ደግሞ እኔ የማገዝ ያህል አብሬ አቃሰትኩ። እኛም ፈረንጅ አራዳ የሚባል ሰፈር አለን ብዬ ለአንድ ጫማ ጠራጊ ብነግረው፣ "ፈረንጁ ሄዷል፤ አራዳው እዚህ ነው ያለው" አለኝ። ጫማዬን ግን አሳምሮ ጠረገው።

የወይዘሮ ስንዱ ቢሮ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው፤ የእንጨት ደረጃው ሰው ሲወጣ አስቀድሞ ያሳውቃል። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ የሟቹ ባለቤታቸው ፎቶግራፍ። ቢሮውን የከፈቱት እሳቸው ነበሩ። በአንደኛው ጠረጴዛ የተቀመጡት ጋሽ ሸምሱ ናቸው፤ የስምሪት ኃላፊው። የወልቂጤ አካባቢ ተወላጅ ሆነው ዶሮ ማነቂያ ያደጉ፣ ሰፈሩ ሲነሳ ጀሞ የተዛወሩ፣ ግን ቀኑን ሙሉ ፒያሳን የማይለቁ ሰው ናቸው። "ጀሞ የምሄደው ለመተኛት ነው፤ አልጋዬ ወደዚያ ስለተወሰደብኝ" አሉኝ። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ስሜን ትተው "ጅማው" ይሉኝ ነበር።

ወይዘሮ ስንዱ ግን የቀልድ ስሜት ውስጥ አልነበሩም። ከማዘጋጃው የግዥ ኃላፊ ከአቶ ዳዊት ጋር በስልክ ተነጋግረው መጨረሳቸው ነበር። ከላይ የነበሩት ጆንያዎች ርሰዋል። ይህ ደግሞ የመጀመሪያው አይደለም፤ መኪናው ከተባለው ቀድሞ ይመጣል፣ አውራጆቹም ሌላ ሥራ ላይ ተበትነው ይገኛሉ። የዓመቱ ውል ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ነው፤ አቶ ዳዊት ሌላ አጓጓዥ እያነጋገሩ እንደሆነ አልደበቁም። ውሉ ካልታደሰ የነጂብ መኪና ይሸጣል፤ ቢሮውም ይዘጋል። ይህን ሲነግሩኝ ፎቶግራፉን አላዩትም፤ እኔ ነኝ ያየሁት።

ለመጽሔቱ ጥያቄ የሰጡኝ መልስ አጭር ነበር።

"ኢንተርኔት ካስገባን ወዲህ ያየሁት ደንበኛ ሲሸሽ ነው። መከታተያ ዕቃውን ለአስመጪው ልመልስለት ነው።"

ከዚህ በኋላ ወደ ጅማ ተመልሼ "አልተሻሻለም" ብዬ ብጽፍ ማንም አይከሰኝም ነበር። ግን በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው የመጀመሪያው መልስ ቶሎ ከመጣለት ይጠራጠራል።

ዓርብ

ጠዋት ለማነጻጸር ያህል በአቅራቢያው ያሉ ሌሎች የጭነት ቢሮዎችን ዞርኩ። በአንደኛው ኮምፒውተሩ ዳንቴል ለብሶ፣ በላዩ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጦበታል። ኢንተርኔት አላችሁ ወይ ስላቸው "አለን እንጂ፣ ቤቱ ሁሉ ይጠቀማል" አሉ፤ ቤቱ ሁሉ ስልኩን ይዞ ኳስ እያየ ነበር። በሌላው ጭነት የሚገኘው ከቴሌግራም ቡድን ነው። አሳዩኝ። ከሃያ መልእክት አሥራ ስምንቱ "እንደምን አደራችሁ" ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ግን የእውነት ጭነት ናቸው፤ ሰውየውም እነሱን ቀድሞ ለመያዝ ምላጭ የሆነ ጣት አለው። ሥራው ደህና እንደሆነ ነገረኝ፤ ግቢው ውስጥ የቆመ መኪና አለማየቴ ይህን ይደግፋል። ሦስተኛው ምንም ኢንተርኔት የለውም፤ አማቹ የሲሚንቶ ነጋዴ ነው። እሱም ሥራው ደህና ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ወይዘሮ ስንዱ ቢሮ ተመልሼ ከጋሽ ሸምሱ ጎን ተቀመጥኩ። ነጂብ ቡናውን አራግፎ ባዶ መኪናውን ወደ ጅማ እየነዳ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የመንገዱ ካርታ ተዘርግቷል፤ የነጂብ መኪና ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ሆና ወሊሶ ላይ ትታያለች። ወይዘሮ ስንዱ ከወዲያኛው ጠረጴዛ፣ ቀና ሳይሉ፣ ነጂብ የት ደረሰ ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ሸምሱ መነጽራቸውን አድርገው ነጥቧን በደንብ አዩዋት። "ቱሉ ቦሎ" አሉ።

ቱሉ ቦሎ ከወሊሶ በፊት ናት። በሹክሹክታ፣ "ጋሽ ሸምሱ፣ ወሊሶ ነው እኮ የሚለው" አልኳቸው።

"ይላል" አሉ በእርጋታ።

"ታዲያ?"

"ጅማው፣ እኔ ስምሪት ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሹፌር ወልቂጤ ነኝ ካለ ሰኮሩ ነው። ሁለት ከተማ ትቀንስለታለህ። ይህች ደግሞ" አሉና ኮምፒውተሩን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፣ "መጀመሪያ ሁለት ነበር የምቀንስላት። አሁን ጠባይዋን እያየሁ ነው፤ አንድ ብቻ ነው የምቀንስላት።"

የወይዘሮ ስንዱ እስክሪብቶ ቆመ። እስኪ ይድገሙልኝ አሉ። ጋሽ ሸምሱ ምንም ሳያፍሩ ደገሙላቸው፤ እንዲያውም አብራሩላቸው። ረቡዕ ዕለት ነጥቧ ወሊሶ ስትደርስ ለአቶ ዳዊት ገና ግቤ ናት ብለው የነገሩት እሳቸው ናቸው። መኪናው ነገ ጠዋት ይገባል የተባለውም በዚህ ስሌት ነው።

ከዚያ ወይዘሮ ስንዱ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። እያለቀሱ መሰለኝ፤ ትከሻቸውን ሳይ ግን ሳቅ ነው።

"ሸምሱ፣ ማሽን ምን ይጠቀማል ብሎ ይዋሻል?"

"ሹፌሩስ ምን ይጠቀማል?" አሉ ጋሽ ሸምሱ።

ይህ ጥሩ ጥያቄ ስለመሰለኝ ለነጂብ ደወልኩ። ወሊሶ ላይ ሻይ እየጠጣ ነበር። እውነቱን ቢናገር ምን እንደሚሆን ጠየቅሁት።

"ጋሼ፣ ሰኮሩ ሆኜ ሰኮሩ ነኝ ብል፣ ጋሽ ሸምሱ ገና ከቤትህ አልወጣህም ብለው ይሰድቡኛል። ሁለት ከተማ እንደሚቀንሱ ሹፌሩ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሁለት እንጨምራለን።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሹፌሩ ይጨምራል፣ ቢሮው ይቀንሳል፣ ሒሳቡ ይገጥማል። ለዓመታት ማንም ሳይቸገር ኖረዋል። መሐል የገባችው የማትጨምር ዕቃ ነች፤ ያበላሸችው እሷ ናት።

ቅዳሜ

ወይዘሮ ስንዱ ለአቶ ዳዊት ደወሉ። ሰበብ አላቀረቡም። የሆነውን እንዳለ ሲያስረዱ እኔ በመስኮት ወደ ጎዳናው እያየሁ የሰማሁ አልመሰልኩም። አቶ ዳዊት ብዙ አልተናገሩም፤ ሰኞ ከጅማ የሚመጣው ጭነት የመጨረሻ ፈተና እንዲሆን ተስማሙ። መኪናው ያለበትን በጠየቁ ጊዜ ሁሉ በትክክል ከተነገራቸው ስለ ውሉ ይነጋገራሉ፤ አንዴ ከተሳሳተ አይነጋገሩም። ያንኑ ካርታ በራሳቸው ስልክ እንዲያዩ ወይዘሮ ስንዱ አገናኟቸው። ስለዚህ ሰኞ ፈታኙ መልሱን ይዞ ነው የሚጠይቀው።

ቀሪው ሰዓት ልምምድ ሆነ። እኔ እንደ አቶ ዳዊት እጠይቃለሁ፣ ጋሽ ሸምሱ ከካርታው ላይ ያነባሉ። ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የምትመጣ ሌላ መኪናቸው ሞጆ ነበረች።

"የት ደረሰች?"

"ሞ…" ይላሉ። ከዚያ አንገታቸው ይሰበራል፤ ምላሳቸው ወደ አዳማ ሊመለስ ይታገላል። "ሞጆ" ይላሉ በመጨረሻ፣ መራራ መድኃኒት እንደዋጠ ሰው። ወይዘሮ ስንዱ ለማበረታቻ ማኪያቶ ከታች አዘዙላቸው። በሦስተኛው ማኪያቶ ሁለት ከተሞች ያለ ችግር አነበቡ።

እሁድ

ጠዋት ጊዮርጊስ ተሳልሜ ስወጣ ጋሽ ሸምሱን መንገድ ማዶ አንድ ካፌ ባንኮኒ ተደግፈው አገኘኋቸው። በዕረፍት ቀናቸው ከጀሞ ድረስ መጥተው ነው። ምሳ እቤታቸው እንድሄድ አዘዙኝ፤ ግብዣ አልነበረም፣ ትእዛዝ ነው። ባለቤታቸው ጎመንና ቆጮ አቅርበው፣ እኔ ስቆም ይቀመጣሉ፣ ስቀመጥ ይጨምራሉ። ጅማ ላይ እንግዳ ጠግቤያለሁ ሲል ሦስት ጊዜ እንለምነዋለን፤ እዚህ ልመና የለም፣ ዝም ብለው ሳህኑን ይሞሉታል። ጋሽ ሸምሱ ብዙም አልበሉም። ስሸኝ በር ላይ፣ "ነገ ብሳሳት እኮ የምትዘጋው የስንዱ በር ነች" አሉኝ። ቀልድ እንዲከተል ጠበቅሁ፤ አልተከተለም።

ሰኞ

ማልደን ተሰበሰብን። ነጥቧ ከጅማ ወጥታለች። አቶ ዳዊት መጀመሪያ የደወሉት ገና አሰንዳቦ ሳለች ነው። ጋሽ ሸምሱ አሰንዳቦ አሉ፤ አለቀ። ሰኮሩ ላይ ሰኮሩ አሉ። ወይዘሮ ስንዱ ትንፋሽ ማውጣት ጀመሩ።

ከዚያ ነጥቧ አበልቲ ላይ ቀጥ አለች። ግቤ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ስልክም አይገባም። ደቂቃው እየገፋ ሄደ። አቶ ዳዊት ደወሉ። የድሮው ጋሽ ሸምሱ ቢሆኑ ከግቤ እስከ ወልቂጤ የመረጡት ቦታ ላይ መኪናዋን ባቆሟት ነበር። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"መጨረሻ ያየኋት አበልቲ ነው፣ አቶ ዳዊት። አሁን የት እንዳለች አላውቅም።"

"እሺ" አሉ አቶ ዳዊት ቆይተው። "አላውቅም" የሚል የስምሪት ሰው ሰምተው የማያውቁ መሰለኝ፤ እኔም ሰምቼ አላውቅም።

ነጥቧ እንደገና ስትታይ ወልቂጤ ገብታለች። ጋሽ ሸምሱ የአገራቸውን ስም በደስታ ጠሩት። ግን ነጥቧ እዚያው ቀረች። ሻይ የሚጠጣ ሰው የሚነሳበት ጊዜ አለፈ፤ ምሳ የሚበላም የሚነሳበት አለፈ። ወይዘሮ ስንዱ ራሳቸው ለነጂብ ደወሉለት።

"ጎማ ነው፣ እትዬ" አለ ነጂብ።

"ነጂብ።"

"አቤት እትዬ።"

"ነጂብ፣ ጎማ ነው?"

ከኋላው የገበያ ጫጫታ፣ የሴቶች ክርክር ይሰማል። "ቅቤ ነው" አለ ነጂብ። "እናቴ የላከችኝ ነው። የጠራው አልተገኘም፣ እየዞርኩ ነው።"

ስልኩን ገና ሳይዘጉት የጋሽ ሸምሱ ስልክ ጮኸ። አቶ ዳዊት ናቸው። ካርታውን ሲያዩ ቆይተዋል። ድምፃቸው ከፍ ባይልም ቢሮው ውስጥ ግልጽ ነበር።

"መኪናው ወልቂጤ ቆሟል። ለምን?"

ጋሽ ሸምሱ ወደ ወይዘሮ ስንዱ ተመለከቱ። በዚህ ሥራ ለቆመ መኪና የተዘጋጁ መልሶች አሉ፤ ጎማ፣ ኬላ፣ የተገለበጠ ተሳቢ። ሁሉም የተከበሩ ናቸው፣ ማንም አይጣራቸውም። ወይዘሮ ስንዱ ራሳቸውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ነቀነቁ።

"ቅቤ እየገዛ ነው" አሉ ጋሽ ሸምሱ።

"ምን?"

"ቅቤ። ለእናቱ።"

ወይዘሮ ስንዱ ወንበራቸውን ይዘው ቆመዋል። ውሉ የተበጠሰ መስሎኝ ነበር።

"ከየትኛው ነጋዴ ነው የሚገዛው?" አሉ አቶ ዳዊት።

ጋሽ ሸምሱ የአገራቸው ጉዳይ ስለሆነ ወዲያው ነቁ። ከመናኸሪያው አጠገብ ያሉት እንደሚቀላቅሉ፣ ጥሩው በገበያው የውስጠኛው ረድፍ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ እንደሚሸጥ ገለጹላቸው። አቶ ዳዊት በትዕግሥት አዳመጡ።

"ለእኔም ይያዝልኝ" አሉ። "እና ስንት ሰዓት ይደርሳል?"

"ቅቤውን ካገኘ አሥር ሰዓት ላይ ዓለም ገና ነው። ካላገኘ እንደገና እደውልልዎታለሁ።"

ከወይዘሮ ስንዱ ጋር እኔም ዓለም ገና ወረድኩ። ነጂብ ከአሥር ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ በሩ ላይ ሲደርስ አውራጆቹ በረድፍ ተቀምጠው እየጠበቁ ነበር፤ ሸራው አዲስ ነው፣ ሰማዩም ምንም አላለም። ጆንያዎቹ ደረቅ ሆነው ገቡ። አቶ ዳዊት ከቢሯቸው ራሳቸው ወጡ። ቀጭን፣ ንግግር የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ቡናውን አላዩም። ቅጠሉን ገለጥ አድርገው ቅቤውን አሸተቱ፣ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ለወይዘሮ ስንዱ ነገ ጠዋት ውሉን ይዘው ፒያሳ እንደሚመጡ ነገሯቸው።

ማክሰኞ

ውሉ ለአንድ ዓመት ተፈረመ። ጋሽ ሸምሱ ለምስክርነት ሲፈርሙ ፊርማቸው ስለተጣመመ ማኪያቶውን ወቀሱ።

ለመጽሔታችን ጥያቄ የማቀርበው መልስ ይህ ነው፤ ያየሁት አምስት የማይሞሉ ቢሮዎችን ስለሆነ ከዚህ በላይ አልልም። ኢንተርኔት ስላላቸው ብቻ የበለጡ አላገኘሁም። የበለጠው ኢንተርኔቱ የነገረውን አምኖ ለደንበኛው ያስተላለፈ ነው። አማች ያለውም አልተጎዳም።

ስንብት ላይ እትዬ አስካለ ለመንገድ ዳቦ ቋጠሩልኝ፤ ውኃው ያን ዕለት መጥቶ ነበር። ነጂብ መኪናውን ከቀለበት መንገዱ ወዲያ ስላቆመ ወይዘሮ ስንዱ እዚያ ድረስ መጥተው ሸኙን። እኔን አመስግነው ወደ እሱ ዞሩ። ቁጣ እየጠበቀ ባርኔጣውን አወለቀ።

"ከእንግዲህ ወልቂጤ ለቅቤ ስትቆም" አሉት፣ "ቀድመህ ደውልልኝ። እኔም እፈልጋለሁ።"